የስትረስ ሆርሞኑን ጂን በጨሌ መስራት፡ ከጥብጣብ እስከ 41 ፍሬ

ሀዋሳ ነው ያለሁት፣ ባዮሎጂ አስጠናለሁ፣ አብዛኞቹ ልጆች 12ኛ ክፍልና ፍሬሽማን ናቸው። ፈተና ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚገባው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፣ "ቲቸር ጂን እንዴት ነው ሆርሞን የሚሆነው፣ ደሞ ያን የጨሌውን ነገር እንዴት ነው የሚሰሩት?" ለእያንዳንዱ በቮይስ ሳስረዳ ማታው ያልቃል፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። አስተማሪ ከሆናችሁ ለክፍል ይሆናችኋል፣ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ለብቻችሁም ሆነ ከጓደኛ ጋር ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል።

የምንሰራው ጂን ሲአርኤች ይባላል። ሙሉ ስሙ ኮርቲኮትሮፒን ሪሊዚንግ ሆርሞን ነው፣ ክሮሞዞም 8 ረጅሙ ክንድ ላይ ይገኛል። የምንደነግጥ የምንጨነቅ ጊዜ ሃይፖታላመስ (የአንጎል ክፍል ነው) ውስጥ ያሉ ነርቮች ይህን ሆርሞን ይለቃሉ፣ እሱ አንጎል ስር ያለችውን ዕጢ ፒቱታሪን ይቀሰቅሳል፣ ፒቱታሪ ኤሲቲኤች የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ኤሲቲኤች ደግሞ ኩላሊት ላይ የተቀመጠውን አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶል እንዲያወጣ ያደርገዋል። እዚህ ሰንሰለት ላይ የመጀመሪያው ነው ማለት ነው። ለማስተማሪያ የመረጥኩት አጭር ስለሆነ ነው፣ ጂኑ ሁለት ኤግዞን (ከጂኑ በሚገለበጠው አርኤንኤ ላይ የሚቀር ክፍል) እና አንድ ኢንትሮን (ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፣ የመጨረሻው ሆርሞን ደግሞ 41 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ፍሬ) ብቻ። ኢንሱሊንን ብትሞክሩ ሁለት ሰንሰለት አለው፣ በድልድይ ይያያዛል፣ ለጀማሪ ይከብዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጥብጣብ 2 ሜትር፣ ነጭ ቢሆን ይመረጣል ምክንያቱም በማርከር ይጻፍበታል
- ናይለን ክር 3 ሜትር ገደማ። የዓሳ ማጥመጃው ምርጥ ነው፣ እዚህ ሀዋሳ ሐይቁ ዳር ዓሳ አጥማጆቹ የሚገዙበት ሱቅ ጠይቁ፣ የስፌት ክር ግን ይበጠሳል
- ጨሌ፣ ሁሉም እኩል መጠን፦ ጥቁር 24፣ ቡኒ 127፣ ቢጫ 18፣ ሰማያዊ 9፣ ነጭ 8፣ ቀይ 7፣ አረንጓዴ 2፣ ወርቃማ 1። ድምሩ 196 ነው። ከእያንዳንዱ ቀለም አምስት አምስት ትርፍ ግዙ፣ የሚሰበርም ቀዳዳው የተደፈነም አይጠፋም
- የወረቀት ክሊፕ 6
- ማርከር 3 ቀለም፣ ማስመሪያ ወይ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ መቀስ፣ ፕላስተር
- የእንቁላል ካርቶን። ጨሌ መለያ ነው፣ ለየቀለሙ አንድ ጉድጓድ
- ቀይ የስፌት ክር፣ አንድ ስንዝር

ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ይህን ስራ ወለል ላይ አትስሩ። ጨሌ ልጅ አፍ ውስጥ በሰከንድ ነው የሚገባው፣ ትንታ ያመጣል። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፉና እሱ ላይ ስሩ፣ ፎጣው ጨሌው እንዳይንከባለልም ይይዘዋል።

1. ጥብጣቡን ለኩና ክፈሉ

ስኬሉ 1 ሴንቲሜትር ለ10 የዲኤንኤ ፊደል ነው። ከግራ ጀምራችሁ መጀመሪያ 15 ሴሜ ፕሮሞተር (ጂኑ የሚበራበት ቦታ)፣ ቀጥሎ 15 ሴሜ ኤግዞን አንድ፣ ቀጥሎ 80 ሴሜ ኢንትሮን፣ ከዚያ ኤግዞን ሁለት። ኢንትሮኑ 800 ፊደል ገደማ ስለሆነ ነው 80 ያልኩት። ፕሮሞተሩና ኤግዞን አንዱ ግን ለምልክት ያህል ነው እንጂ በስኬል የተለኩ አይደሉም፣ ይህን ለተማሪ ንገሩት።

ኤግዞን ሁለት ላይ መጀመሪያ 2 ሴሜ ባዶ ተዉ፣ ከዚያ 59 ሴሜ በማርከር አቅልሙ፣ የቀረው ጭራ ባዶ ይሁን። 59ኙ ፕሮቲን የሚጻፍበት ቦታ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚሰራው ረጅም ፕሮቲን (ኋላ ተቆራርጦ 41ዱ ብቻ የሚቀረው) 196 አሚኖ አሲድ ነው፣ በ3 ሲባዛ 588 ፊደል ነው፣ ማቆሚያ ኮዶኑ ሲጨመር 591። ይህን ቁጥር ተማሪው ራሱ ያባዛው፣ እናንተ አትንገሩት፣ ሲያባዛ ነው ኮዶን ማለት ሦስት ፊደል መሆኑ የሚገባው።

ይሄ ስቴፕ ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ልጆች "ኤግዞን ማለት ፕሮቲን የሚሆነው ክፍል ነው" ብለው ነው የሚሸመድዱት። እዚህ ጂን ላይ ግን ኤግዞን አንድ ምንም አሚኖ አሲድ አይጽፍም! ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲን ለመስራት የሚነበበው ያለቀ አርኤንኤ) ላይ ይገባል፣ ወደ ፕሮቲን ግን አይተረጎምም። የፕሮቲኑ ጽሑፍ በሙሉ ኤግዞን ሁለት ላይ ነው። ጥብጣቡ ላይ ያልቀለመ ኤግዞን በአይናቸው ሲያዩ ትርጉሙ ይስተካከላል።

ፕሮሞተሩ ላይ ስምንት ፊደል በትልቁ ጻፉ፦ ቲ ጂ ኤ ሲ ጂ ቲ ሲ ኤ። ነርቩ ሲቀሰቀስ ክሬብ የሚባል ፕሮቲን የሚያርፍባት ቦታ ናት፣ ጂኑን የምታበራ ማብሪያ በሏት። ተቃራኒውን ሰንሰለት ከስሯ ጻፉና ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡት፣ ያው ራሱ ይመጣል። ለምን ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚቀመጡ ፕሮቲኖች ከሁለቱም ወገን አንድ አይነት ቦታ ይፈልጋሉ።

2. ጥብጣቡን እጠፉ

ኢንትሮኑን 80 ሴሜውን አጥፋችሁ ኤግዞን አንድና ሁለትን አገናኙ፣ በክሊፕ ያዙት። ስፕላይሲንግ ይሄ ነው። አትቁረጡት! ዲኤንኤው ላይ ኢንትሮኑ አይቆረጥም፣ የሚቆረጠው ከዲኤንኤው የተገለበጠው አርኤንኤ ነው። ጊዜ ካላችሁ ሁለተኛ ጥብጣብ አዘጋጅታችሁ አርኤንኤ በሉትና እሱን በመቀስ ቁረጡ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ።

3. ጨሌውን ለዩ

አሚኖ አሲዶቹን በጸባያቸው ነው የከፈልኳቸው፣ ለየአንዳንዱ የተለየ ቀለም ማግኘት ገበያ ላይ አይቻልም።

ቀይ አሲድ ጸባይ ያላቸው፣ ግሉታሚክ አሲድና አስፓርቲክ አሲድ። ሰማያዊ ቤዝ ጸባይ ያላቸው፣ አርጂኒን፣ ላይሲን፣ ሂስቲዲን። ቢጫ ውሃ የሚሸሹት፣ ዘይት አስቡ፣ ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ሜቲዮኒን፣ አላኒን፣ ፊኒልአላኒን። ነጭ ውሃ የሚወዱ ግን ቻርጅ የሌላቸው፣ ሴሪን፣ ትሪዮኒን፣ ግሉታሚን፣ አስፓራጂን። አረንጓዴ ፕሮሊን ብቻ፣ እሱ ሰንሰለቱን ስለሚያጥፍ ለብቻው ይሁን። ወርቃማዋ አንዷ ግላይሲን ናት።

ጥቁርና ቡኒ ግን ጸባይ አይናገሩም፣ የሚጣለውን ክፍል ለማሳየት ብቻ ናቸው።

4. አምስት ክር ስሩ እንጂ አንድ ረጅም ክር አትስሩ

የመጀመሪያ ጊዜ 196ቱንም በአንድ ናይለን ደርድሬ ክፍል ውስጥ በመቀስ ቆረጥኩት፣ ናይለኑ እንደ ስፕሪንግ ተመለሰና ጨሌው በሙሉ ከዴስክ ስር ገባ፣ የክፍለ ጊዜው ግማሽ በመልቀም አለቀ፣ ልጆቹም ከዚያ በኋላ የሰሙት ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ በአምስት ቁራጭ ነው የምሰራው፣ በክሊፕ አያይዛቸዋለሁ፣ መቁረጥ ማለት ክሊፑን መፍታት ይሆናል፣ ለሚቀጥለው ክፍልም ተመልሶ ይያያዛል።

ክር ሀ፦ ጥቁር 24። ሲግናል ፔፕታይድ ነው፣ ፕሮቲኑ ሲሰራ ወደ የት እንደሚገባ የሚያሳይ አድራሻ።
ክር ለ፦ ቡኒ 127፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ 2። ሁለቱ ሰማያዊዎች አርጂኒን ናቸው፣ የመቁረጫው ምልክት እነሱ ናቸው፣ እንዳትረሷቸው።
ክር ሐ፦ ሆርሞኑ ራሱ፣ 41 ፍሬ።
ክር መ፦ ወርቃማ 1።
ክር ሠ፦ ሰማያዊ 1፣ ላይሲን።

ናይለኑን ሁለቱም ጫፍ ላይ ክብ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ቋጥሩ፣ ክሊፕ የሚያስገባ ቀዳዳ ይተው። አንዱን ጫፍ ሳትቋጥሩ ጨሌ አትጀምሩ፣ ይሄ የሁሉም ሰው ስህተት ነው፣ 30 ደርሰው ወደ ታች ያፈሱታል።

5. ክር ሐ፣ አርባ አንዱ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አንድ ሰው ያንብብ አንድ ሰው ይደርድር፣ በየአስሩ አቁማችሁ ቁጠሩ።

ከ1 እስከ 10፦ ሴሪን ነጭ፣ ግሉታሚክ አሲድ ቀይ፣ ግሉታሚክ አሲድ ቀይ፣ ፕሮሊን አረንጓዴ፣ ፕሮሊን አረንጓዴ፣ አይሶሉሲን ቢጫ፣ ሴሪን ነጭ፣ ሉሲን ቢጫ፣ አስፓርቲክ አሲድ ቀይ፣ ሉሲን ቢጫ።

ከ11 እስከ 20፦ ትሪዮኒን ነጭ፣ ፊኒልአላኒን ቢጫ፣ ሂስቲዲን ሰማያዊ፣ ሉሲን ቢጫ፣ ሉሲን ቢጫ፣ አርጂኒን ሰማያዊ፣ ግሉታሚክ አሲድ ቀይ፣ ቫሊን ቢጫ፣ ሉሲን ቢጫ፣ ግሉታሚክ አሲድ ቀይ።

ከ21 እስከ 30፦ ሜቲዮኒን ቢጫ፣ አላኒን ቢጫ፣ አርጂኒን ሰማያዊ፣ አላኒን ቢጫ፣ ግሉታሚክ አሲድ ቀይ፣ ግሉታሚን ነጭ፣ ሉሲን ቢጫ፣ አላኒን ቢጫ፣ ግሉታሚን ነጭ፣ ግሉታሚን ነጭ።

ከ31 እስከ 41፦ አላኒን ቢጫ፣ ሂስቲዲን ሰማያዊ፣ ሴሪን ነጭ፣ አስፓራጂን ነጭ፣ አርጂኒን ሰማያዊ፣ ላይሲን ሰማያዊ፣ ሉሲን ቢጫ፣ ሜቲዮኒን ቢጫ፣ ግሉታሚክ አሲድ ቀይ፣ አይሶሉሲን ቢጫ፣ አይሶሉሲን ቢጫ።

ማረጋገጫ፦ ቀይ 7፣ ሰማያዊ 6፣ ቢጫ 18፣ ነጭ 8፣ አረንጓዴ 2 ካልመጣላችሁ የሆነ ቦታ ዘላችኋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው 29ኛና 30ኛ ላይ ነው፣ ሁለት ግሉታሚን ተከታትለው ስለሚመጡ አንባቢው የደገመ ይመስላቸዋል።

ሙሉ ስሙን እንዲነበብ ያደረኩበት ምክንያት አለኝ። በአንድ ፊደል ምልክታቸው ስናነብ አላኒን "ኤ" ነው፣ ግሉታሚክ አሲድ "ኢ" ነው፣ አይሶሉሲን "አይ" ነው፣ በጫጫታ መሃል ማንም አይለያቸውም። ግሉታሚክ አሲድና ግሉታሚንም እንዲሁ ይምታታሉ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ ነው፣ "አሲድ" የምትለዋን ቃል አንባቢው ጮክ ብሎ ይበላት።

6. አያይዙና ሙሉውን አሳዩ

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ በዚህ ቅደም ተከተል በክሊፕ ይያያዙ። ከጥብጣቡ 59 ሴሜ ቀለም ስር አስቀምጡት፣ ጨሌው ከጥብጣቡ ቢረዝም አትጨነቁ፣ ስኬሉ የጥብጣቡ ነው። ጥብጣቡ ላይ ግን 7 ሴሜ ለጥቁሩ፣ 39 ሴሜ ለቡኒው፣ 12 ሴሜ ለሆርሞኑ፣ የቀረችው 1 ሴሜ ለመጨረሻዎቹ ሁለትና ለማቆሚያው ብላችሁ መስመር አስምሩ። ልጆቹ እዚህ ጋ ነው ዝም የሚሉት። ከ59 ሴሜ ውስጥ ሆርሞን የሚሆነው 12 ብቻ ነው። ከ196 ፍሬ 155ቱ ይወገዳል።

7. ቁረጡ፣ ማለትም ክሊፕ ፍቱ

ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ፣ ፈተና ላይም የሚመጣው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሀ ይወጣል። ፕሮቲኑ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ሴሉ ውስጥ ወደ ውጪ የሚላኩ ፕሮቲኖች የሚዘጋጁበት ክፍል) ውስጥ እየገባ እያለ ነው የሚቆረጠው፣ አድራሻው ከደረሰ በኋላ ስራ የለውም።

ሁለተኛ ለ እና ሐ ይለያያሉ፣ ከሁለቱ ሰማያዊዎች ኋላ። የሚቆርጡት ኢንዛይሞች ፕሮሆርሞን ኮንቨርቴዝ ይባላሉ፣ ተከታታይ ሰማያዊ ፈልገው ነው የሚያርፉት። አንድ ጎበዝ ልጅ ሁሌ ይጠይቃል፣ "ቲቸር 35ኛና 36ኛም ሰማያዊ ናቸው፣ ለምን እዚያ አይቆረጥም?" ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አመስግኑት። ጥንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ኢንዛይሙ በዙሪያው ያሉትን አሚኖ አሲዶችም ያያል። ከሆርሞኑ በፊት ያለችው ቦታ ላይ ከጥንዱ ሁለት ቤት ወደ ኋላ ሌላ አርጂኒን አለ (በቡኒው ውስጥ ስለሆነ ሞዴሉ ላይ አይታይም)፣ 35 እና 36 ጋ እንደዚያ የለም።

ሦስተኛ ሠ፣ ላይሲኗ ትወጣለች። አራተኛ መ፣ ግላይሲኗ። ግን ግላይሲን ዝም ብላ አትሄድም፣ ናይትሮጅኗን ሆርሞኑ ጭራ ላይ ትታ ነው የምትሄደው። ወርቃማዋን ስታወጡ በቦታዋ ያን ቀይ የስፌት ክር ቋጥሩበት። ይህ ቋጠሮ ከሌለ ሆርሞኑ ከሪሴፕተሩ (ሴሉ ላይ ሆርሞኑን ከሚቀበለው ፕሮቲን) ጋር በደንብ አይያያዝም። ስራውን የሚሰራው ኢንዛይም መዳብና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል፣ ብርቱካን ለምን ይጠቅማል ሲባል "ለጉንፋን" ብቻ ለሚል ልጅ ጥሩ ምሳሌ ናት።

8. እስክሪብቶ ላይ ጠምጥሙት

ክር ሐን እስክሪብቶ ላይ እንደ ስፕሪንግ ጠምጥሙት፣ በአንድ ዙር ሦስት ተኩል ፍሬ ገደማ እንዲሆን። ቀጭን እስክሪብቶ ካልሆነ አይመጣም፣ ጨሌው ትልቅ ከሆነ ደግሞ እርሳስ ሞክሩ። ከ6ኛው እስከ 36ኛው አካባቢ ስታዩት ቢጫዎቹ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ፣ 8፣ 12፣ 15፣ 19፣ 22 ላይ ጣታችሁን አድርጉና ተከተሉት። ልክክ አይልም፣ ግን ይታያል። ሆርሞኑ ሪሴፕተሩ ላይ ሲያርፍ ጭራው ሪሴፕተሩ ከሴሉ ውጪ ያለውን ክፍል ይይዛል፣ የመጀመሪያው ጫፉ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ያበራዋል። የመጀመሪያዎቹን 8 ፍሬ በእጃችሁ ሸፍኑ፣ የቀረው ሄዶ ይይዛል ግን አያበራም፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የማይዞር ቁልፍ ይሆናል። ይህን ጸባይ ተጠቅመው ነው ተመራማሪዎች ሆርሞኑን የሚያግድ ነገር የሰሩት።

9. የበጉን ሰርታችሁ አወዳድሩ (ጊዜ ካለ)

የአይጥና የሰው 41 ፍሬ አንድ ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም። የበግ ግን 7 ቦታ ይለያል፦ 2ኛ ግሉታሚን፣ 22ኛ ትሪዮኒን፣ 23ኛ ላይሲን፣ 25ኛ አስፓርቲክ አሲድ፣ 38ኛ ሉሲን፣ 39ኛ አስፓርቲክ አሲድ፣ 41ኛ አላኒን። ሌላ ክር ሰርታችሁ ከሰው ጎን አስተኙት። ከ7ቱ ቀለማቸው የሚቀየረው ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ 2ኛና 22ኛ! አምስቱ ፍሬው ቢቀየርም ጸባዩ አልተቀየረም፣ ቀይ በቀይ፣ ቢጫ በቢጫ ነው የተተካው። ስለዚህ ነው የበጉ ሆርሞን ሰው ላይም የሚሰራው፣ ፒቱታሪ በትክክል መስራቱን ለመመርመር በመርፌ ሲሰጥ ቆይቷል። ሚውቴሽን ሁሉ በሽታ ነው ብሎ ለሚያስብ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

10. ሰንሰለቱን ዝጉ

ሦስት ልጆች አቁሙ፣ ሃይፖታላመስ፣ ፒቱታሪ፣ አድሬናል። ክር ሐ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ይሂድ፣ ሁለተኛው ኤሲቲኤች የሚል ወረቀት ለሦስተኛው ይስጥ፣ ሦስተኛው ኮርቲሶል የሚል ወረቀት ይዞ ተመልሶ ጥብጣቡ ፕሮሞተር ላይ ፕላስተር ይለጥፍ። በቃ ጂኑ ቀዘቀዘ። ይህን ካላሳያችሁ ሰንሰለቱ ማቆሚያ የሌለው ይመስላቸዋል። ለጎበዞቹ አንድ ጨምሩላቸው፣ እርጉዝ ሴት የእንግዴ ልጅ ውስጥ ይሄው ጂን ይሰራል፣ እዚያ ግን ኮርቲሶል አያቀዘቅዘውም፣ ይጨምረዋል። ጂኑ አንድ ነው፣ ያለበት ሴል ነው የተለየው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

"የኮርቲሶል ጂን የቱ ነው?" የሚል ጥያቄ በሳምንት አንዴ ይመጣል። ኮርቲሶል ፕሮቲን አይደለም፣ ከኮሌስትሮል የሚሰራ ስቴሮይድ ነው፣ በጨሌ ልትሰሩት አትችሉም። ጂን ያላቸው ኮሌስትሮሉን ደረጃ በደረጃ የሚቀይሩት ኢንዛይሞች ናቸው።

ኤሲቲኤችን ከዚሁ ጂን ማውጣት። አይደለም፣ እሱ 39 አሚኖ አሲድ ነው፣ ክሮሞዞም 2 ላይ ካለው ፖምሲ ከሚባል ሌላ ጂን ነው የሚመጣው።

ከጨሌው ተነስቶ ዲኤንኤውን መጻፍ። አይቻልም፣ ሴሪን ብቻውን 6 ኮዶን አለው፣ ሉሲንም 6። ከ41ዱ በእርግጠኝነት ወደ ኋላ መጻፍ የምትችሉት 21ኛና 38ኛውን ነው፣ ሜቲዮኒን ኤቲጂ የምትል አንድ ኮዶን ብቻ ስላላት።

ክር ሐ ላይ ሲስቲን፣ ታይሮሲን፣ ትሪፕቶፋን ወይ ግላይሲን ካስገባችሁ ተሳስታችኋል፣ አራቱም 41ዱ ውስጥ የሉም።

"ይሄ ጂን ያለው ሰው ይጨነቃል" ማለት። ጂኑ ሁላችንም ጋ አለ፣ ያለሱ ጠዋት ተነስቶ መንቀሳቀስም ይከብዳል። ጭንቀት የበዛበት፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ካጋጠማችሁ በጨሌ አትመርምሩት፣ ሐኪም ጋ እንዲሄድ እርዱት።

ስትጨርሱ አምስቱን ክር ለየብቻ ፖስታ ውስጥ አስገቡ፣ ፖስታው ላይ የፍሬውን ቁጥር ጻፉ፣ 24፣ 129፣ 41፣ 1፣ 1። ለሚቀጥለው ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ክር ሐን እንደገና ቁጠሩት፣ ናይለን ጸሐይ ላይ ከቆየ ይደርቃል፣ ቋጠሮው ጋ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ካያችሁ ያን ክር ብቻ ቀይሩት።